የይሻው ሁለት ኮምፒውተሮች

«መልሰው» አለች ሠናይት።

ፋሲል አልሰማም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ከጓሮዋ ክፍል ይዞት የወጣውን ማክ ላፕቶፕ በነጠላው ጫፍ እየወለወለ፣ ድንኳኑ በር ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ክዳኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ ነገሩ የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንደኛው በጣታቸው ነካ አድርገው ብረት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ፋሲል ብረት መሆኑን፣ ግን ቀላል ብረት መሆኑን ሲያስረዳ ፊቱ ላይ አንዳች ኩራት ብልጭ አለ። ሠናይትን ያነደዳትም እሱ ነው።

«ፋሲል፣ መልሰው አልኩህ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ ስትለው የኖረችውን ታላቅ ወንድሟን በባዶ ስሙ ስትጠራው ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የመሐል ወንድማቸው ይሻው ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ሐዘንተኛ ሲቆጣ ደግሞ አይገሠጽም።

«ለሰባቱ ነው» አለ ፋሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእብናት ዘመዶች ሲመጡ እቃው ይወጣ የለም? ይኸን ነው የምንይዝለት።»

«ወንድሜን የገደለውን እቃ በወንድሜ ለቅሶ ላይ አታዞርም። እኔ በቁሜ እያለሁ አታዞርም።»

እዚያ አገር ሰው ሲሞት እቃውም ለቅሶ ይወጣል። ተኳሽ ከነበረ ጠመንጃው፣ ካህን ከነበረ መቋሚያውና ጥምጣሙ ይወጣል። የቅርብ ዘመድ እቃውን ከፍ አድርጎ ይዞ ድንኳኑ መሐል ይዞራል፣ አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች ግጥም ታወርድበታለች። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ሟቹ ምን ሆኖ እንደኖረ የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ይሻው ተኳሽም ካህንም አልነበረም። እናቱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መዝሙርና ዘፈን ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፤ እቃው ኮምፒውተር ነው። ጣጣው ኮምፒውተሩ ሁለት መሆኑ ላይ ነው።

አንዱ ጥቁሩ ዴስክቶፕ ነው። በዊንዶውስ የሚሠራ፣ ይሻው ራሱ ከዚህም ከዚያም እቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው፣ የጎን ክዳኑ አንድ ቀን ተፈትቶ እንደተፈታ የቀረ፣ ፋኑ ሲዞር ወፍጮ ቤት የገባህ የሚያስመስልህ። መዝሙር ሲቀዳ ድምፁ ማይክሮፎኑ ውስጥ እንዳይገባ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ይጀቡኑታል፤ ግሎ ቀጥ እንዳይል ደግሞ በየመዝሙሩ መሐል ይገልጡታል። ያን ብርድ ልብስ የሚጥለውና የሚያነሣው የሠናይት እጅ ነበር። ዋና ሥራዋ ግን በጆሮዋ ነው። የተቀዳውን የምትቆርጠው፣ የምትቀጥለው፣ የዘማሪውን ሳልና የወንበሩን ሲጥጥታ እየለቀመች የምታወጣው እሷ ናት። ከጋፋት በእግራቸው የመጡ የሰንበት ተማሪዎች፣ ባለመሰንቆዎች፣ የሠርግ ዘፋኞች ሁሉ በእሷ ጆሮ አልፈዋል።

ሁለተኛው ማኩ ነው፤ ፋሲል ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያመጣው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ። ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። ማይክሮፎኖቹ የሚሰኩበት የድሮው ሳውንድ ካርድ ገመዱ አፈ ሰፊ ስለሆነ አይገባለትም፤ መሐል ገብቶ የሚያገናኝ አዳፕተር ይፈልጋል። ይሻው አዳፕተሩን ደብረ ታቦር ፈልጎ አጣና ባሕር ዳር ሄደ። ሲመለስ ሐሙሲትን አለፍ እንዳሉ ሚኒባሱ ተገለበጠ።

ለሠናይት የነገራት ግን እንዲህ አልነበረም። ለዴስክቶፑ የማይክ ገመድ ልገዛ ነው ብሏት ነው የወጣው። ሐኪም ቤት የሰጧቸውን ፌስታል ስትገለብጠው የተሰነጠቀ ስልኩና ከነማሸጊያው ያለ የማክ አዳፕተር ወጣ፤ የማይክ ገመድ የሚባል ነገር የለም። ያኔ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት። ፋሲል ጨቅጭቆት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ እየጨቀጨቀ፣ ሳይፈልግ መንገድ አስወጥቶ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሼ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ለቅሶ ደራሹ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ይነሣል። የሚያወራውም አንድ ነው፤ ይሻው እንዴት ያለ ደግ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ መጥተው ከስንት ጊዜ ጀምሮ አዲሱን መዝሙራቸውን ቅዳልን እንዳሉትና አንድም ቀን ፊቱን ሳያጠቁር እሺ እንዳላቸው አወሩ። የጎረቤት ሴት ሬዲዮዋን ሥራልኝ ብላው እሺ እንዳላት ተናግራ አለቀሰች። ሬዲዮው ግን አሁንም ጓሮዋ ክፍል ውስጥ አንጀቱ ተዘርግፎ ተቀምጧል፤ ሠናይት በየቀኑ ታየዋለች። የሰብሳቢውም አዲስ መዝሙር ገና አልተቀዳም። እሺ ማለት ለይሻው እንደ እግዜር ይስጥልኝ ያለ ነገር ነበር፤ ከአፉ ይወጣል፣ ሰሚው ደስ ይለዋል፣ ያው ነው። ሠናይት ይኸን ታውቃለች። ሰው ሁሉ ግን ደግነቱን ሲያወራ እሷ ሬዲዮሽ አልተሠራም ብላ ልትጣላ አትችልም፤ ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ንፍሮ ታድላለች።

የፋሲካውን ዕለት ደግሞ ደጋግማ ታስበዋለች። ፋሲል ላፕቶፑን ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና መስበክ ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑ አብሮ ይጠፋል፣ ዘማሪዎቹ እንደገና ሀ ብለው ይጀምራሉ፤ ይኸ ግን ባትሪ አለው፣ ከተማው ጨለመ አልጨለመ ግድ የለውም። ፋኑ አይጮህም፣ ብርድ ልብስ አይፈልግም። መዘምራኑ በየፍላሹ የሚያመጡላችሁ ቫይረስም አይነካውም። ሠናይትም ዝም አላለችም። የእስካሁን ሥራችን ሁሉ በዚህ በዊንዶውሱ ፕሮግራም ነው የተሠራ፣ ማኩ ፕሮጀክቶቹን አይከፍታቸውም፤ ለማዛወር እያንዳንዱን መዝሙር ከፍቶ ድምፁን፣ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን፣ ትራክ በትራክ ለየብቻ ማውጣት ነው፤ ማን ቁጭ ብሎ ያወጣል? ዴስክቶፑ ሲታመም በብሎን መፍቻ ከፍተን እናክመዋለን፣ ራሙም ሃርድ ዲስኩም ገበያ ውስጥ አለ። ይኸ ሲታመም ማን ይከፍተዋል? አዲስ አበባ እያልን ልንኖር ነው? ፋሲልም መለሰ፣ እሷም መለሰች፣ እናታቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዶሮው ቀዘቀዘ እያሉ ዞሩባቸው።

ይሻው መሐል ተቀምጦ ነበር። ለፋሲል «ልክ ነህ» ይለዋል፣ ለሠናይት «ልክ ነሽ» ይላታል። አንገቱ የሚያመው እስኪመስል ድረስ ወዲህ ወዲያ ይነቀንቃል። ፋሲል በተመለሰ ማግስት፣ ጓሮዋ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ሠናይት እንግዲህ ምን ልታደርግ ነው ብላ አፋጠጠችው። እሱም ሣቅ አለና ጥቁሩን ሲፒዩ መታ መታ አደረገ። «ምን ላድርግ፣ በግድ ሰጠኝ። እቃ መመለስ ነውር ነው። ለስሙ ይቀመጥ እንጂ እኛ ከዚህ ወዴት እንሄዳለን» አላት። አመነችው። በማግስቱ ብርድ ልብሱን ስትጥል ደስ ብሏት ነበር።

በሰባቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አልቃሿ ወይዘሮ ፈንታነሽ መጡ። እኒህ ሴት ዝም ብለው ከድንኳን ገብተው የሚጮሁ አይደሉም። አስቀድመው ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ፣ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሠራ፣ የትኛው እቃው እንደሚወጣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ቤታቸው ሄደው ግጥሙን በልባቸው ያሰናዳሉ። ለይሻው በነፃ ነው የማለቅሰው አሉ፤ ድምፅዎን ቀድቼ ላስቀምጥልዎ ብሏቸው እሺ ብለውት ነበርና። እሱም መቼ እንደሆነ ሳይነግራቸው ሄደ።

«በሉ እቃው የቱ ነው?» አሉ ከሰሌኑ ላይ ተመቻችተው። «ጠመንጃ ቢሆን የማን ጠመንጃ ብዬ አውቅበታለሁ። ኮምፒውተር ላይ አልቅሼ አላውቅም።»

«ላፕቶፑ ነው እትዬ» አለ ፋሲል። «የሚወደው እሱን ነበር።»

«ይወደው ነበር?» አለች ሠናይት። እንዳትጮህ ብትጠነቀቅም ድምፏ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «አንተ ነህ የምትወደው። ባትጭንበት ኖሮ ባሕር ዳር ምን ይወስደው ነበር? ገመድ ልግዛ ብሎኝ የወጣን ሰው አንተ በስልክ አዳፕተር አዳፕተር እያልክ ገደልከው። አሁን ደግሞ ይኸን ይዘህ ዘመድ ፊት ልትዞር? ሰጪው እኔ ነኝ ልትል?»

ፋሲል እስካሁን ስትሰድበው ችሎ ነበር። ታናሹን የቀበረ ሰው ነው፣ ታናሺቱንም ማጣት አልፈለገም። አሁን ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይነካካው ጀመር።

«አልነግርሽም ብዬ ነበር» አለ። «ስሚው በይ። ከፋሲካ በፊት ነው የላከልኝ።»

ስልኩን ሰሌኑ ላይ አኖረው። ከዚያ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይሻው ተናገረ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጋሼ፣ ያን ማክ ያልከኝን ነገር እንዳትረሳው፣ ለበዓል ይዘኸው ና። ይኸ ዴስክቶፕ ሰልችቶኛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጠፋል። ሠናይትን አታስብ፣ እሷ እሺ ብላለች። እንዲያውም ከእኔ በላይ የጓጓችው እሷ ናት።»

መልእክቱ አለቀ። ሠናይት ስልኩን አንሥታ እንደገና ከፈተችው። ከእኔ በላይ የጓጓችው እሷ ናት። ድምፁ ያው ሣቅ ሣቅ የሚለው፣ ሰው ሲያባብል የሚያወጣው ድምፅ ነው። ለእሷም ስለ ገመዱ ሲነግራት በዚሁ ድምፅ ነው የነገራት።

«ውሸታም» አለች።

ድንኳን ውስጥ ሟች አይሰደብም። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንኳን፣ ስንት ለቅሶ ያዩት ሴት፣ ደንገጥ ብለው ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«ውሸታም! እኔን በግድ ሰጠኝ፣ አንተን እሺ ብላለች። ለአንተ አንድ አፍ፣ ለእኔ አንድ አፍ። እኔ ደግሞ ይኸን ሁሉ ቀን ዓይንህን እንዳላይ...» የቀረውን አልጨረሰችውም። ፋሲልን ይቅርታ ልትለው ይገባ ነበር፤ ንዴቱ ግን ለዚያ ፋታ አልሰጣትም። የምትጮህበት ይሻው ካጠገቧ ተነሥቶ ሄዷል፤ የማትደርስበት ቦታ ሄዷል፣ እሱ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ እጃቸውን ከአፋቸው አነሡ።

«ለእኔ ደግሞ ሐሙሲት ክርስትና አባቴን ልጠይቅ ብሎኝ ነው የሄደ» አሉ። ሣቅም ለቅሶም የማይሉት ድምፅ አወጡ። «ገና ትንሽ ሆኖ አክስቱ ቤት ይበላና ይመጣል፤ እኔ እራት ሳቀርብለት በልቻለሁ አይለኝም፣ ይኸንንም ይበላል። ሆዱን አሞት ሲያድር ነው የማውቅ። የሰው ፊት ሲኮማተር ማየት አይችልም ነበር፣ እኮ ምን ላርገው?»

«ትቆጪው ነበራ እማዬ» አለች ሠናይት። «እምቢ ማለት አስተምረሽው ቢሆን ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር።» ተነሥታ ጓሮዋ ክፍል ገባችና በሩን በላይዋ ዘጋችው።

ማኩን ፋሲል እዚያው አልጋው ላይ መልሶታል። ሠናይት ሄድፎኑን ሰክታ ከፈተችው። የምትፈልገው ውሸቱ የት ድረስ እንደሆነ ማወቅ ነው። አወቀችውም። ማን ቁጭ ብሎ ያወጣል ያለችውን ሁሉ እሱ ቁጭ ብሎ አውጥቶታል። እሷ ከቤት ውጭ ሥራ በዋለችባቸው ቀናት፣ መዝሙር በመዝሙር፣ ትራክ በትራክ፣ አንድም ሳያስቀር አዛውሮታል። ማታ ማታ እሷ ዴስክቶፑ ላይ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ብርታት ሲሰጣት፣ ቀን ሥራዋን እዚህኛው ላይ እንደገና ይሠራው ነበር።

አንዱን መዝሙር አስነሣችው። የጋፋት ልጆች ናቸው። ስንት ጊዜ ከሥሩ ልታወጣው ታግላ ያቃታት ያ የፋን ጉርምርምታ የለም። ከበሮው ከሩቅ ይመጣል፣ የልጆቹ ድምፅ አንድ በአንድ ይለያል፣ መጨረሻ ላይ የሚተነፍሱት ትንፋሽ ሳይቀር ጠርቷል። ጥሩ ነበር። እሷ ከሠራችው ይሻል ነበር፤ ያበሸቃትም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልክ ነበርኩ ትል ነበር። አሁን የቀራት ምንድን ነው? ወንድሟ የልቡን አግኝቶ ነበር፣ ደስታውን ግን ከእሷ ደብቆ ለብቻው አዳምጦታል። ቢጠይቃት እምቢ እንደምትለው ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ግን እምቢ ትበለው እንጂ! ተጣልተው ይታረቁ ነበር፣ ሰው እኮ ይጣላል፤ ከወንድም የተጣላ ሰው በማግስቱ ቁርሱን አብሮ ይበላል። ሄድፎኑን ከራሷ ነቅላ ወረወረችውና፣ የሐዘን ለቅሶ ሳይሆን ንጹሕ የንዴት ለቅሶ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ወይዘሮ ፈንታነሽ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። መቀመጫ ሳይጠይቁ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልሄድ ነው ልጄ» አሉ። «ግጥሙን ላሰናዳ። ወንድምሽ እሷ ያለችው ይሁን ብሏል። እቃው የቱ ይሁን? ምንስ ልበልለት?»

ሠናይት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ሁለቱም ይውጡ» አለች። «ሁለቱንም እሺ ብሏቸዋል። ምን ይባል ላሉኝ ደግሞ እሺ ባይ ነበር ይበሉ።»

«እሱማ ሙገሳ ነው።»

«አይደለም እትዬ። ስድብ ነው። እርስዎ እንደ ስድብ ይበሉልኝ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቃሉን ወዲያና ወዲህ አገላበጡት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

የሰባቱ ዕለት የእብናት ዘመዶች ገና ከመንገዱ ጀምረው እየጮኹ መጡ። ድንኳኑ ሞላ፣ ሰው እስከ አጥሩ ድረስ ቆመ። ጋቢውና ፎቶው ከወጡ በኋላ ፋሲል ማኩን በሁለት እጁ ራሱ ላይ ከፍ አድርጎ ገባ። ዘመድ አንገቱን አሰገገ፤ ምን እንደሆነ ያላወቀው ያወቀውን ጠየቀ። ከኋላው ሠናይት ጥቁሩን ሲፒዩ ታቅፋ ገባች። ገመዶቹ ከሥሩ ተንጠልጥለው ይጎተታሉ፣ በተከፈተው ጎኑ በኩል ብናኝ የለበሰው ፋን ይታያል። የሚያምር ነገር አልነበረውም። አንዲት ሴት ይኸስ ምኑ ነው ብላ ስትጠይቅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ እኛ ሁላችን ያለነው እዚያ ውስጥ ነው ብለው መለሱላት።

ወይዘሮ ፈንታነሽ መሐል ላይ ቆሙ። አንድ ጊዜ ስሙን ጠሩ፣ ደገሙት፣ ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው አወረዱት፤

«እሺ ነበር ቃሉ ለጠየቀው ሁሉ፣
እምቢታን ለመደ ዛሬ ተነሥ ቢሉ።»

ድንኳኑ ባንድ ጊዜ አነባ። ሬዲዮዋን የሰጠችው ጎረቤት ደረቷን መታች፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ልጄ እያሉ ጎንበስ ቀና አሉ። ሠናይት ስድብ ነበር ያዘዘችው። እንዳዘዘችውም ነው የሰማችው፤ ከዓይኗ የሚወርደው እንባም የሚፋጅ ነበር። ግጥሙ በተደገመ ቁጥር በልቧ እሰይ፣ ንገሩት፣ ይስማ ትላለች። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ግን ክንዷ ከዳት። ሲፒዩው ከባድ ነው፣ ክዳን ያልነበረው የብረቱ ጠርዝ መዳፏን ቆርጦ ገብቷል፤ ብታስቀምጠው ደግሞ ለቅሶው መሐል ላይ ወንድሟን መሬት የጣለችው ያህል ነው።

ፋሲል ዞር ብሎ አያት። ማኩን እንደ መጽሐፍ ብብቱ ውስጥ ወሸቀና፣ ምንም ሳይላት መጥቶ በሌላው በኩል ቆመ፣ እጁን ከሲፒዩው ሥር ሰደደ። ንዴቷ አልበረደም። በይሻው ተናዳለች፣ በመንገዱ ተናዳለች፣ የመጀመሪያውን ቀን ስልኩን አውጥቶ ባላሰማት በዚህም ሰው ተናዳለች። ፊቱንም አላየችውም። ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋ፣ እጁ የሚይዝበት ቦታ ለቀቀችለት።